«በየቦታው ቆሜ ጠብቄያቸዋለሁ»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ሥራዬ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ስለሆነ ቤት የምገባው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ባለፈው እሑድ ከባለቤቴ፣ ከ14 ዓመት ሴት ልጄና ከ8 ዓመት ወንድ ልጄ ጋር ከተማውን ልንዞር አራት ብስክሌት ተከራየሁ። ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ተነሥተን ፍቅር ሐይቅ፣ ጉዱማሌና አሞራ ገደልን አይተን ታቦር ተራራ ሥር ልንደርስ ነበር ዕቅዴ። ባለቤቴ ከመጀመሪያው ወደ ኋላ ቀረች። ብስክሌቱ ትንሽ ከፍ ይልባታል፤ ስጠይቃት ግን «ደህና ነኝ» ትላለች። ልጅቷ ጎበዝ ነጂ ሆና ሳለ ከእናቷ ጋር እየተጎተተች አበሳጨችኝ። በየቦታው ቆሜ ጠብቄያቸዋለሁ። አሞራ ገደል ላይ «በሉ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ» ስል ልጅቷ ብስክሌቷን ጣል አድርጋ «አንተ ሂድ» አለችኝ፤ እናቷን ይዛ በባጃጅ ቤት ገባች። አከራዩ መጥቶ ብስክሌቶቹን እስኪወስድ ከትንሹ ልጄ ጋር እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰው ፊት ነው ያዋረደችኝ። ከዚያ ወዲህ በወጉ አታናግረኝም። ልጅን አክብሮት የሚያስተምሩት እንዴት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለት ሳምንት ፕሮጀክት ላይ ከርሞ የመጣ ሰው ተኝቶ መዋል ሲችል ቤተሰቡን ይዞ መውጣቱ ፍቅር ነው። «አንተ ሂድ» የሚለው ቃል ከገዛ ልጅ አፍ፣ ያውም ሰው ፊት ሲወጣ እንደሚያም እረዳለሁ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ግን ዓይኔ «በየቦታው ቆሜ ጠብቄያቸዋለሁ» ካሉት ላይ እየተመለሰ ያርፋል።

ከፊት የሚነዳ ሰው ቀድሞ ይደርሳል፣ ይወርዳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ሐይቁን ያያል። የመጨረሻው ሰው ሲደርስ እሱ አርፎ ጨርሷልና «እንሂድ» ይላል። በየማረፊያው 5 ደቂቃ ጠብቀው ቢሆን፣ አሞራ ገደል እስክትደርሱ ባሉት ሦስት ማረፊያዎች እርስዎ 15 ደቂቃ አርፈዋል። ባለቤትዎ ግን ከሁሉም ይልቅ እረፍት የሚያስፈልጋት እሷ ሆና ሳለ አንድም ደቂቃ አላረፈችም ማለት ነው። እርስዎ «ጠበቅኳቸው» ሲሉ እውነት ነው። እሷም «ያለ እረፍት ነዳሁ» ብትል እውነቷን ነው።

«ትንሽ ከፍ ይልባታል» ብለው ያለፉትንም ነገር ቀላል አድርገው አይዩት። ኮርቻው ከፍ ያለበት ጀማሪ ሲቆም መሬት የሚነካው በእግሩ ጣት ጫፍ ብቻ ስለሆነ መቆም ያስፈራዋል። ባጃጅ ድንገት ፊቱ ቢቆም፣ ፍሬን ከመያዙ በፊት በየት በኩል እንደሚወድቅ ያስባል። መሪውን አንቆ ይይዛል፣ ትከሻው ይደርቃል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብስክሌት ደግሞ ቀስ ባለ ቁጥር ሚዛኑን መጠበቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ይብሳል። ባለቤትዎን ያዘገያት የጉልበት ማነስ አይመስለኝም። መቼ እንደተማረች፣ ከዚያ ቀን በፊት መኪና በበዛበት መንገድ ነድታ ታውቅ እንደሆነ ደብዳቤዎ አይነግረኝም። ብዙ እናቶቻችንና እህቶቻችን «ብስክሌት የወንድ ነው» እየተባሉ ነው ያደጉት። ታዲያ ሁሉም ቆሞ እሷን እየጠበቀ «ፈራሁ» ብትል ቀኑን ያበላሸችው እሷ ልትሆን ነው። «ደህና ነኝ» ማለቷ ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ስታይ የዋለችው፣ መቅደም እየቻለች ከኋላ የቀረችው ልጅዎ ናት። እርስዎ «መጎተት» ያሉትን እኔ ጥበቃ እለዋለሁ። ሳልቫዶር ሚኑቺን የተባለው የቤተሰብ ሕክምና ሊቅ የወላጅን ድርሻ ስለሚሸከም ልጅ ብዙ አስተምሯል። እንዲህ ያለው ልጅ የእናቱን ፊት እያነበበ ይውላል፤ እናቱ ያልተናገረችውን እሱ ይናገርላታል። አነጋገሩ ሸካራ የሚሆነው፣ አዋቂ ሊናገረው የሚገባውን በልጅ አፍ ስለሚናገረው ነው። «አንተ ሂድ» ያለችዎ ልጅዎ ብትሆንም «እኛ ደክሞናል» የሚለው ቃል የእናቷ ነበር። የ14 ዓመት ልጅ ይህን መሸከም አልነበረባትም፤ ከአክብሮቱ ጥያቄ ይልቅ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ቤትም እንዲሁ ይሆን? ከደብዳቤዎ ውጭ ያለውን ስለማላውቅ በጥያቄ ልተወው። እርስዎ ከፕሮጀክት ሲመጡ ናፍቀውና ዕቅድ ይዘው ነው። ባለቤትዎ ደግሞ የሁለት ሳምንቱን የትምህርት ቤት፣ የሕመምና የወጪ ጣጣ ብቻዋን ተወጥታ ገና ቁጭ ልትል ስትል ነው የሚደርሱት። እርስዎ ለመነሣት ዝግጁ በሆኑበት ሰዓት እሷ ገና መድረሷ ነው። በዚያች ሰዓት «እንዴት ከረማችሁ?» ብለው መልሱን ሳይሰሙ ወደ እሑድ ፕሮግራም ተሻግረው ከሆነ፣ ልጅዎ ያየችው የብስክሌቱን ቀን ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ቢሞክሩት የምለው ይህን ነው። ልጅዎን «ለምን አዋረድሽኝ?» ብለው አይጀምሩ። «ከኋላ ሆነሽ ምን አየሽ?» ብለው ይጠይቋትና ስትመልስ አያቋርጧት፣ አያስተባብሉ። የአነጋገሯን ነገር ማንሣት መብትዎ ነው፤ ግን እሷን ከሰሙ በኋላ፣ ቢቻል ሌላ ቀን ይሁን። ባለቤትዎን ደግሞ ልጆቹ በሌሉበት ያነጋግሯት። እናትየው ለራሷ ስትናገር ልጅቷ ከዚያ ሥራ ቀስ በቀስ ትፈታለች።

ባለቤትዎ ፈቅዳ እንደገና ብትወጡ ከፍቅር ሐይቅ አትራቁ፤ አንድ ቦታ ይበቃል። መንገዱ ጭር ሲል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ኮርቻዋን ሁለቱም እግሮቿ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጡ ዝቅ ያድርጉላት፤ ስትለማመድ፣ ተረከዟ ታች የወረደው ፔዳል ላይ ሲያርፍ ጉልበቷ ቀጥ እስኪል ከፍ ይደረጋል። ከመነሣታችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች ይሞክሩ፣ ጎማውን በጣት ተጭነው ይዩ፣ ነጠላና ረጅም ቀሚስ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ይታሰር። ከፊት እሷ ትንዳ፣ እርስዎ ከኋላ ይሁኑ። የእረፍቱን 10 ደቂቃ የመጨረሻው ሰው ከወረደ በኋላ ይቁጠሩ። ትንሹ ልጅዎንም «ጎበዝ፣ አልደከመህም አይደል?» አይበሉት፤ እንዲህ የተጠየቀ ልጅ ደከመኝ አይልም።

ልጅዎ በአንድ ጭውውት ልቧን ካልከፈተች አይደነቁ፤ ጥቂት ወራት ሊፈጅ ይችላል። ዝምታዋ ከበረታ፣ ትምህርቷ ወይም እንቅልፏ ከተዛባ፣ ወይም ከባለቤትዎ ጋር መነጋገሩ በየጊዜው ጭቅጭቅ ላይ የሚቆም ከሆነ በደብዳቤ አይወሰኑ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አለ፤ ወይም የቤተሰብ አማካሪ በአካል ያግኙ። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለታችሁ ወላጆች ብቻ ሂዱ፤ ልጅቷ መቼ እንደምትገባ ባለሙያው ይወስን።