ቤት ማሞቅ መቼ ይጀመራል? የወሎ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ ሲጠራ ከደጋው ወሎ ስለ ብርድ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ከደረሱን መካከል አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ ነው። ጥቅምት ከገባ ወዲህ ማታ ማታ መብረድ ጀምሯል። ባለቤቴ አሁኑኑ ሂተር እናብራ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ኅዳር ይግባ፣ ገና ነው እላለሁ። አብረውን የሚኖሩት እናቴ 74 ዓመታቸው ነው። መቼ መጀመር አለብን?

መልስ፦ ወሩን ትተው ቤቱን ይለኩ። በጥቅምት ቀኑ ሞቃት ሆኖ ሌሊቱ የሚከፋው ደመናው ስለተገፈፈ ነው። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያቆየው የነበረው የመሬት ሙቀት አሁን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ጠራው ሰማይ ይወጣል። ቅዝቃዜው የሚበረታው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከተራራው ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ከታች ያለው ቤት ከዳገቱ ቤት ቀድሞ ሊበርድ ይችላል።

አንድ ተራ የክፍል ቴርሞሜትር ይግዙ። እናትዎ በሚተኙበት ክፍል የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርገው ይስቀሉት። መስኮት አጠገብ ወይም ማእድ ቤት በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ያሳስትዎታል። ለሦስት ተከታታይ ቀናት ሁለት ጊዜ ያንብቡ፦ ማታ ሲተኙና ጠዋት እንደነቁ፣ በር ሳይከፈት። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀዝቃዛ ወቅት የሚመክረው የቤት ውስጥ ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ለአረጋውያን፣ ለሕፃናትና ለሕመምተኞች ደግሞ ከዚያ ከፍ ቢል ይሻላል። የጠዋቱ ንባብ ሦስቱንም ቀን ከ18 በታች ከሆነ ለእናትዎ ክፍል ዛሬውኑ ይጀምሩ፣ ኅዳርን አይጠብቁ። ጤነኛ ጎልማሶች ብቻ የሚተኙበት ክፍል ግን በወፍራም ብርድ ልብስ ጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

«እማማ ሳይበርዳቸው ምን አስቸኮለን» እንዳይሉ። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ብርዱን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው፤ እጅና እግራቸው ቀዝቅዞም «ደህና ነኝ» ሊሉ ይችላሉ። ብርድ የደም ሥርን ያጠባል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ግፊት ካለባቸው ጉዳዩ የበለጠ ያሳስባል።

ሌላው ያለ ወጪ የሚገኘው ሙቀት ፀሐይ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ መጋረጃውን ገልጠው መስኮቱን ይክፈቱ፣ አልጋ ልብሱን ፀሐይ ላይ ያስጡ። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ግን ሁሉንም ይዝጉ። ብዙ ቤት መስኮቱን እስኪጨልም ከፍቶ ያቆይና ቀን የሞቀው ግድግዳ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ማሞቂያ የሚያበራው።

ጥያቄ፦ ከወገል ጤና ነው። ቤታችን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነው። እሳት ስናነድ ፊታችን ይሞቃል፣ ጀርባችን ይበርዳል፤ እሳቱ እንደጠፋ ቤቱ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ጠዋት ደግሞ ከቆርቆሮው ውሃ ይንጠባጠባል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የእናንተ ቤት የጎደለው እሳት አይደለም። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚጋጠሙበት ዙሪያ ክፍተት ካለ በዚያ ይሾልካል፣ በምትኩ በበሩ ሥር ቀዝቃዛው ይገባል። ቀጭን ቆርቆሮ ደግሞ የነካውን ሙቀት ወዲያው ለሰማይ ያስረክባል።

መጀመሪያ ክፍተቱን ፈልጉ። ነፋስ ባለበት ማታ የተለኮሰ ሻማ ወይም የሚጨስ ዕጣን በበሩ ዙሪያ፣ በመስኮቱ ማዕዘንና በግድግዳው ጫፍ አዙሩ፤ ነበልባሉ ወይም ጭሱ የሚያዘነብልበትን ቦታ በከሰል ምልክት አድርጉበት።

ስንጥቁን በጭቃ ምረጉት። ለአራት ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ የጤፍ ጭድ ጨምራችሁ በውሃ ለውሱ፤ ቢያንስ አራት ቀን፣ ቢቻል ሳምንት ይቡካ፣ በየቀኑ ይረገጥ። ያልቦካ ጭቃ ግድግዳውን አይዝም፣ ሲደርቅ ይረግፋል። አፈሩ በጣም የሚያጣብቅ ዋልካ ከሆነ ብቻውን ይሰነጠቃልና አሸዋ ይጨመርበት፤ አሸዋማ ከሆነ ደግሞ በጣት ሲታሽ ይፈረፈራልና ዋልካ ይፈልጋል። አሮጌውን ግድግዳ በውሃ ሳታርሱ አትምረጉ፤ ደረቁ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ መጥጦ ያስለቅቀዋል። የመጀመሪያውን እጅ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ደርቆ እስኪሰነጠቅ ተዉት፣ ከዚያ እበት በተቀላቀለበት ቀጭን ጭቃ ለብጡት። ይህ ሥራ በጥቅምት ማለቅ አለበት። እርጥብ ምርጊት ላይ ውርጭ ከወረደ በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና ፊቱን ይልጠዋል።

ቀጥሎ ኮርኒስ ነው፤ ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣውም እሱ ነው። አቅም ካለ ቺፕውድ፣ ከሌለ ተሰፍቶ የተወጠረ አቡጀዲ ወይም የታጠበ የማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል። ከቆርቆሮው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ በመካከሉ የሚቆመው አየር ነው ሙቀቱን የሚይዘው። ጨርቅም ከረጢትም እሳት የሚወዱ ናቸውና ምድጃ ባለበት ክፍል በፍጹም አይወጠሩም።

የሚንጠባጠበው ውሃ የትንፋሻችሁና የማሰሮው እንፋሎት ነው። ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ኮርኒሱ በአብዛኛው ይቀንሰዋል፤ የቀረው ደግሞ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ ባለማስጣትና ጠዋት ጠዋት በርና መስኮት ለሩብ ሰዓት በመክፈት ይወገዳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን። ቤቱን ከደፈናችሁ በኋላ እንደ ድሮው እሳት አታስገቡበት። ያ ስንጥቅ ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን መርዙንም ሲያስወጣ ነበር። የምታነዱት ጭስ ማውጫ በሌለው ምድጃ ከሆነ ማእድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ፤ የሚደፈነው መኝታ ቤቱ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ጥያቄም ይህንኑ ይመለከታል።

ጥያቄ፦ ከኩታበር። እህቴ በኅዳር መጀመሪያ ትወልዳለች። በእኛ ዘንድ አራስ ቤት ከሰል አይጠፋም፣ በሩም ተዘግቶ ይቆያል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይህን አታድርጉ ትላለች፤ እናታችን ደግሞ «ጭሱ ካለቀ በኋላ ፍሙ ብቻ ሲቀር ነው የምናስገባው፣ ምንም አይል» ትላለች። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ባለሙያዋን ስሙ። እናታችሁ አራሷ እንዳይበርዳት ማሰባቸው ትክክል ነው፤ ፍም አይጎዳም ማለታቸው ግን አደገኛ ስህተት ነው። ከሰል አየር ሳይበቃው ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጭስ ያያችሁ እንደሆነ ትሸሻላችሁ፤ ይህኛው ግን ፍሙ ቀልቶ፣ አመድ ለብሶ፣ ምንም ጭስ ሳይኖረው ነው የሚወጣው። በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጥንካሬ ይይዘዋል። ስለዚህ ጥቂቱም ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። በማኅፀን ያለ ፅንስ ከእናቱም በላይ ይጎዳል፤ ስለዚህ ክልከላው ከወሊድ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከአሁኑ ይጀምር።

አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ ጋዙን አያስቀርም፤ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟምና። ዕጣን ማጨስ ሽታ ይጨምራል እንጂ ጋዙን አይቀንስም። በሩን በጣት ስፋት ገርበብ ማድረግም አይበቃም።

አራሷንና ሕፃኑን ለማሞቅ የሚሻለው ይህ ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ ይድረቅ፣ እርቃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ይተኛ፣ ከላይ ሁለቱም ይሸፈኑ። ኮፍያና ካልሲ ይልበስ፤ ሕፃን ብዙ ሙቀት የሚያጣው በጭንቅላቱ ነው። የመጀመሪያው ገላ መታጠብ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይዘግይ። ከእናቱ ልብስ አንድ ድርብ ይጨመርለት፤ ከዚያ በላይ መጠቅለል ደግሞ ያልበዋል፣ ትንፋሹንም ያፍናል። ደረቱና ጀርባው ሲዳሰስ ሞቅ ካለ በቂ ነው፤ ጣቶቹ ትንሽ ቢቀዘቅዙ አያስደነግጥም። እግሩና ሆዱ ሁለቱም ከቀዘቀዙ ግን ቆዳ ለቆዳ ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ኤሌክትሪክ ካለ ሂተሩ ለዚህ ክፍል ይሁን። ከሌለና ከከሰል በቀር ምርጫ ካጣችሁ፣ አራሷና ሕፃኑ ሌላ ክፍል ሳሉ ውጭ የተቀጣጠለውን ምድጃ በርና መስኮት ወለል አድርጋችሁ ከፍታችሁ ግድግዳውን አሙቁበት። ከዚያ ምድጃውን አውጡ፣ ክፍሉን ሩብ ሰዓት አናፍሱት፣ እነሱን አስገቡና ዝጉ። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው የያዘው ሙቀት ግን ይቆያል። ፍም ባለበት ክፍል ማንም አይተኛ።

የከሰል ጭስ ሲመታ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ይመጣል። በአንድ ቤት ያሉ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። ሰው ወድቆ ብታገኙ በሩን በርግዳችሁ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ወደ ውጭ አውጡት፣ ራሱን ካላወቀ በጎኑ አስተኙት፣ አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ወተት ወይም ሎሚ ለማጠጣት አትሞክሩ፤ ራሱን የሳተ ሰው ያንቀዋል። የነቃም ሰው ቢሆን ሐኪም ቤት ይሂድ፦ ጋዙ በተራ አየር ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ በንጹሕ ኦክሲጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ። 2000 ዋት የሚል ሂተር ገዛን። ዲቫይደር ላይ ሰክተነው ሶኬቱ ቀለጠ፤ ደግሞም ማታ ማታ እንደ ቀኑ አያሞቅም። ዕቃው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ የቀለጠው በሂተሩ ጥፋት አይመስልም። 2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ዲቫይደር ሽቦው ቀጭን ነው፣ የውስጥ ብረቱም የላላ፤ የላላ መገጣጠሚያ ራሱ እሳት ይሆናል። ሂተር በቀጥታ ግድግዳ ሶኬት ላይ ብቻ ይሰካ፤ ወደ ሶኬቱ የሚሄደው ሽቦም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። የመብራት መስመር የሆነው 1.5 ላይ ተቀጥሎ ከሆነ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይቀየር። ግማሽ ሰዓት ካበሩ በኋላ ሶኬቱን በእጅ ጀርባ ይዳስሱ፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ወይም ጠርዙ ቡናማ ከሆነ ያጥፉ። ብሬከሩ ደጋግሞ ከወረደ ትልቅ ብሬከር አያስገቡ፤ ብሬከሩ ሽቦውን ነው የሚጠብቀው።

እንጀራ ሲጋገር ሂተሩ ይጥፋ። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ 16 አምፔር ይወስዳል፣ ሁለቱ ተደምረው 25 ይሆናሉ።

ማታ የሚደክመው መንደሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ነው። 220 የነበረው ወደ 180 ከወረደ 2000 ዋቱ ወደ 1340 ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከሚያበራበት ሰዓት ቀድመው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ክፍሉን ያሙቁና ሲተኙ ያጥፉ። መብራት ሲጠፋም ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ ተረስቶ ሌሊት ሲመጣ አልጋ ልብስ አጠገብ ብቻውን ይነዳል። ከመጋረጃና ከአልጋ አንድ ሜትር ይራቅ፣ ልብስ አይሰጣበት።

ወጪውን አስቀድመው ያስሉ። በቀን ሦስት ሰዓት ማለት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 180 ነው። የቤት ታሪፉ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር በደረጃ ስለሚወደድ ይህ 180 ሲጨመር ሂሳቡ ወደ ከፍ ያለ እርከን ሊወጣ ይችላል። አንድ ክፍል ብቻ መርጠው ማሞቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከወረኢሉ። መብራት የለንም፣ ከሰልም አታስገቡ ካላችሁን አልጋ ውስጥ ምን ያሙቀን? ኮምቦልቻ ያሉት ልጆቼ ለእነሱም ሂተር ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂልን ብለውኛል።

መልስ፦ ከልጆችዎ እንጀምር። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ከፍታ በ1000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር ከደሴ በአራት ዲግሪ ያህል ይሞቃቸዋል። በሩን ዘግቶ ወፍራም ብርድ ልብስ መልበስ ይበቃቸዋል።

ለእርስዎ፣ ከላይ ከመደረብ በፊት ከታች ያንጥፉ። ሰውነት የተጫነው ፍራሽ ይሳሳል፣ ብርዱ ከሥር ይመጣል። አጎዛ ወይም የተጣጠፈ ዝተት ከሥር፣ ባና ከላይ፣ ጋቢው ከሰውነት ጋር ይሁን። ሱፍ እርጥበት ቢነካው እንኳ ሙቀቱን አይለቅም፤ ጥጥ ግን ሲርስ ያበርዳል።

ለማሞቂያ ድንጋይ ይጠቅማል። ጡጫ የሚያህል ደረቅ ድንጋይ ምድጃው ዳር ያሙቁና በወፍራም ጨርቅ ሁለት ዙር ጠቅልለው ከመተኛትዎ ሩብ ሰዓት በፊት እግርጌ ያስገቡ። ከወንዝ የተለቀመ አይሁን፤ ውስጡ የያዘው ውሃ እሳት ላይ ያፈነዳዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ የሙቅ ውሃ ጎማ ካለዎት የፈላውን ውሃ ጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዘው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይሙሉት፣ አየሩን ጨምቀው አውጥተው ይክደኑት። የውሃ ሃይላንድ ግን የፈላ ውሃ አይችልም፣ ተኮማትሮ ያፈስሳል። ስኳር ያለበት ሰውና ሕፃን እግራቸው ሲቃጠል ላያውቁ ወይም ላይናገሩ ይችላሉ፤ ለእነሱ አልጋውን ካሞቀ በኋላ፣ ከመተኛታቸው በፊት ይውጣ።