«እኔ የቱ ጋ ነኝ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ከባሕር ዳር የጻፉልኝ ሰው «በአብስትራክት ሥዕል (የሰው ወይም የዕቃ መልክ በሌለበት) የፍቅር ቀለም ቀይ ነው ወይስ ሮዝ?» ይላሉ።

በእጅዎ ያለውን ይጠቀሙ። ቀዩን ሁሉም ስለሚያስበው ከሱቅ ቶሎ ያልቃል።

የደብረ ማርቆሱ ወጣት ሦስት ወር ደክሞ ለእጮኛው አብስትራክት ሥዕል ሠራላት፤ ቀይና ጥቁር ብቻ። አየችውና «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለችው። ተከፍቶ «ሥነ ጥበብ የማይገባትን ላግባ?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ቅኔ በሚዘረፍበት አገር አድገህ ሰም የሌለው ወርቅ አቀረብህላት። የዋሸራ የቅኔ ተማሪ «ስሜቴ ነው» ቢል የሚቀበለው መምህር የለም። አብስትራክት መልክን ይተዋል እንጂ ሰሙን አይጥልም፤ ሰሙ መስመሩ፣ የቀለሙ ክብደት፣ የብሩሹ ፍጥነት፣ ባዶ የተተወው ቦታ ነው። እስቲ ዘጌ ተሻግረህ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ተመልከት። በዚያ ወግ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያይሃል፣ ክፉው ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ስሙን ሳታነብ ቅርጹ ይነግርሃል። አንተስ የእሷ ብቻ የሆነ ምን አስቀመጥህ? የነጠላዋ ጥለት ምን ዓይነት ነው? ስትቆጣ ዝም የምትል ከሆነ ዝምታዋ ከሸራው ስንት ስንዝር ይይዛል? ቀይና ጥቁርህ ለማንኛዋም ሴት ይሆናል፤ እሷ የጠፋችውም ለዚህ ነው። በአብስትራክት ሠዓሊው በገብረ ክርስቶስ ደስታም አትጽናና። ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ሥራው ባዕድ ነው ተብሎ ተተችቷል፤ እሱ ግን መልክም ይሥል፣ ግጥምም ይገጥም ነበር።

በላክህልኝ ፎቶግራፍ ታችኛው ጥግ ላይ ሳታስበው የተፈናጠቀች ቢጫ ነጥብ አለች። ከሥዕሉ ሁሉ እሷን ወደድኳት፤ ከዚያ ጀምር። የጋብቻውን ነገር ሽማግሌ ጠይቅ።

ከዳንግላ፦ «ለጥር ሠርግ በዘይት ቀለም አወፍሬ እየቀባሁ ነው፤ ይደርቃል?»

አይደርቅም። ወፍራም የዘይት ቀለም ወራት ይፈልጋል። አቡጀዴውንም ሳያሰናዱ ከቀቡት ዘይቱ ጨርቁን ይበላዋል።

የፍኖተ ሰላሟ እናት ነፍሰ ጡር ናቸው። ባለቤታቸው «የፍቅራችንን ሥዕል» መኝታ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ የዘይት ቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁ ሽታ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ እንዳይከፋው ብለው ግን ዝም ብለዋል።

እመቤቴ፣ ዝም አይበሉ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ አኳራጅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደሚተነፍሱ ለሐኪሙ ይንገሩ። «ነገ» ካሉ ይህን ጽሑፍ ለባለቤትዎ ያሳዩት። ጌታው፣ ቀለሙንና ጠርሙሱን ይዘው ወደ ግቢ ይውጡ፤ ወይም አክሪሊክ የተባለውን ቀለም ይግዙ፣ ብሩሹ በውኃ ይታጠባል።