መጀመሪያ «መቼ ነው የሚቆራርጠው?» በሉ

ልጆቼ፣

እጄ ከዘይት ሳይለይ ነው ያረጀሁት። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለፈው ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ባላቸው አሮጌ ሞተር ሳይክሎች አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ዛሬ ስለ አንድ ችግር ብቻ ልጽፍላችሁ፤ ሚስ ስለሚያደርግ ሞተር። እኩል እየመታ ሄዶ ሄዶ ድንገት አንድ ምት ይዘላል፣ ይንገጫገጫል፣ ደግሞ ይስተካከላል። ወጣት መካኒኮችን እንደዚህ የሚያደክም ብልሽት አላየሁም። ደህና ዕቃ ያለ ጥፋቱ ተነቅሎ የሚጣለውም እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ ካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ትቀይራላችሁ። ካልሆነ ካርቡሬተር ታጥባላችሁ። ካልሆነ ሌላ ዕቃ ትሞክራላችሁ። አንዳንዴ ይድናል። ምን እንደነበረ ግን ማንም አላወቀም፤ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን አንድ ነገር ጠይቁት። መቼ ነው የሚቆራርጠው? በደንብ ካልነገራችሁ ራሳችሁ ነድታችሁ እዩት።

ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ጋዝ ሳይሰጡት ሲሠራ፣ እየተቆራረጠ ጋዝ ሲሰጡት የሚስተካከል ከሆነ የሚኒሞዋን ጂግለር፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ትንሽ ቀዳዳ ያላት ዕቃ፣ ጠርጥሩ። ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ታህላለች። ቤንዚን ብዙ ቆሞ ሲደርቅ የሚተወው ሙጫ ይደፍናታል። በሽቦ ግን አትጎርጉሯት፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች ሌላ በሽታ ጨመራችሁበት ማለት ነው። በካርቡሬተሩና በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) መካከል ያለውን ጎማም አጣጥፋችሁ እዩት። ከተሰነጠቀ በዚያ በኩል አየር ይስባል። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም ሙሉ ጋዝ ላይ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ወይ ቤንዚኑ አይደርሰውም ወይ ብልጭታው ደካማ ነው። ዝናብ ሲመታው ወይም ሲታጠብ ብቻ ከሆነ የካንዴላውን ገመድና ኮፍያ እዩ። ኮረኮንች ላይ ብቻ ከሆነ የላላ ሽቦ፣ የዛገ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ብረት በኩል የሚመለስበት መገናኛ) ወይም የሞተሩ ማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚሆነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ሲሞቅ ብቻ የሚመጣው ነው። እሱን ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ወጣት ሳለሁ አንድ ሞተር ሳይክል መጣልኝ። ጠዋት ሲነሳ እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው። 20 ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ መቆራረጥ ይጀምርና ይጠፋል። ቆሞ ሲበርድ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይነሳል። ቤንዚን ነው ብዬ ደመደምኩ። ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አጠብኩት። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ይዞት ሄደ፤ ሦስት ጊዜ እየገፋ አመጣው። የመጨረሻ ቀን ያየሁት ፊቱ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አልተቆጣኝም፤ ደክሞት ነበር።

ጥፋቱ ቦቢናው፣ ኮይል የምትሉት፣ ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ ላይ ነበር። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተቆርጧል። ቦቢናው ሲቀዘቅዝ ጫፎቹ ይነካካሉ፤ ሲሞቅና ሲለጠጥ ይለያያሉ። እኔ ቦቢናውን ለክቼው ነበር። የለካሁት ግን ጠዋት፣ ቀዝቅዞ እያለ ነው። ያኔ ቁጥሩ ልክ ነበር። በሽታው በሌለበት ሰዓት መርምሬ ጤነኛ ነው አልኩ።

አሁን እንዲህ ያለ ሲገጥመኝ ቴስተሩን፣ የካንዴላ ቁልፉንና አንድ ትርፍ ካንዴላ ይዤ እነዳዋለሁ። መቆራረጥ ሲጀምር እዚያው አቆማለሁ። መጀመሪያ የቤንዚን ታንኩን ክዳን እከፍታለሁ። የክዳኑ የአየር ቀዳዳ ከተደፈነ ቤንዚኑ ሲቀንስ ታንኩ ውስጥ አየር አይተካም፤ ቤንዚኑም መውረድ ያቆማል። ክዳኑ ሲከፈት ፍስስ ብሎ አየር ከገባና ሞተሩ ትንሽ ቆይቶ ከተስተካከለ ሥራው አለቀ። ከአንድ ቀዳዳ ማጽዳት በላይ ምንም አያስፈልግም። ካልተስተካከለ፣ ሳይበርድብኝ ትርፉን ካንዴላ ኮፍያው ላይ ሰክቼ ብልጭታውን አያለሁ፤ ቦቢናውንም እንደሞቀ እለካለሁ።

ብልጭታ ስታዩ ሁለት ነገር አትርሱ። የካንዴላው ብረት ማሳ መንካት አለበት። ካልነካ ኤሌክትሪኩ ሌላ መውጫ ፈልጎ ሲዲአዩን፣ ብልጭታውን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ ሊያቃጥልባችሁ ይችላል። ከካንዴላው ቀዳዳና ከቤንዚንም አርቁት። ከቀዳዳው የሚወጣው ትነት ይቀጣጠላል፤ እጅና ፊት ያቃጥላል።

ደግሞ ውጭ ላይ ብልጭ ስላለ ብቻ አትመኑት። ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ታምቆ ነው የሚጠብቀው። የታመቀ አየር ውስጥ መዝለል ለብልጭታ በጣም ይከብደዋል። ውጭ ላይ በካንዴላው ክፍተት የሚዘል ደካማ ብልጭታ እዚያ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። እኔ 6 ሚሊ ሜትር ያህል አየር ሲዘል ካየሁት ነው ደህና ነው የምለው። ደካማ ከሆነም ወዲያው ቦቢና አትግዙ። የካንዴላውን ኮፍያ ለኩት፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው 5 ሺህ ኦም ያህል ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪኩን የሚገታ ዕቃ፣ አለ። ካረጀ ቁጥሩ ከልክ በላይ ይወጣል ወይም ጭራሽ አይነበብም። ገመዱ ኮፍያው ውስጥ በብሎን የሚገባ ዓይነት ከሆነና ርዝመት ከተረፈው፣ ጫፉን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አዲሱን መዳብ መልሱበት። በዚህ ብቻ የዳኑ ብዙ ሞተሮች አይቻለሁ። ጨለማ ውስጥ አስነስታችሁ ገመዱ ላይ ትንሽ ውኃ እንደ ጤዛ ርጩበት፤ የሚያፈስ ካለ ሰማያዊ ብልጭታው ይታያችኋል።

ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳ መገናኛ) ያለው በጣም አሮጌ ሞተር ከሆነ የፑንቲናው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። የፑንቲናው ፊት ተቃጥሎ ከጠቆረና ሲከፈት ብዙ የሚፈነጥቅ ከሆነ አብሮት ያለውን ኮንደንሰር፣ ፍንጣሪውን የሚያበርደውን ትንሽ ዕቃ፣ ቀይሩ።

ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሊንደር ካለው ሥራው ይቀላል። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሱና ከአንድ ደቂቃ በኋላ በእያንዳንዱ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) መነሻ ላይ ጠብታ ውኃ ጣሉ። ውኃው ቶሎ የማይተንበት ሲሊንደር ነው የማይሠራው። ከዚያ የግራውን ካንዴላ ወደ ቀኝ አዛውሩ። ችግሩ አብሮ ከዞረ ካንዴላው ነው። ካልዞረ ቀጣዩን ዕቃ አዛውሩ። አንድ ዕቃ ብቻ፣ አንድ ጊዜ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከነካችሁ መልሱ ጠፋባችሁ።

ቫልቭን ወጣቶች ሁሉ የምትረሱት ነገር ነው። ቫልቭ ሲያንኳኳ ትሰሙታላችሁ። ሲጠብቅ ግን ድምፅ የለውም። የቫልቩ መቀመጫ ሲበላ በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት እየጠበበ ይሄዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ቫልቩ ጨርሶ መዝጋት ያቅተዋል፤ ሚኒሞ ላይ ሚስ ማድረግ ይጀምራል። ስለዚህ ዝም ያለ አሮጌ ሞተር ሁሉ ጤነኛ ነው አትበሉ። ክፍተቱን ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ እያለ፣ በመመሪያው ቁጥር ለኩት። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን የእመቃ ግፊት) ስትለኩ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፤ አለበለዚያ ደህናው ሞተር የታመመ ይመስላችኋል። ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አፍስሳችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) አልቋል። ካልተነቃነቀ ቫልቩ ነው፤ አልፎ አልፎም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው)።

አገኘሁት ብላችሁ ደስ ስትሰኙ ቶሎ አታስረክቡ። ባለቤቱ መኪና ቀድሞ ሊያልፍ ሲል ሞተሩ ቢቆርጥበት ሕይወቱ ነው። «ያኔ ይጠፋብኛል» ባላችሁ ሁኔታ ንዱት። ሲሞቅ ካለ እስኪሞቅ፣ ዳገት ካለ ዳገት ላይ። ሙሉ ጋዝ ይዛችሁ ሳለ ሞተሩን አጥፉ፣ ወዲያው ፍሪሲዮን (ክላች) ይዛችሁ ቁሙና ካንዴላውን ንቀሉ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል። ጥቁርና እርጥብ ሆኖ የሚቀባ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ፈዘዝ ያለ ቡኒ ሆኖ ካገኛችሁት መልሳችሁ ግጠሙና ባለቤቱን ጥሩት።