ማን ነገረዎት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ አነስተኛ ሥራና ማስታወቂያ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ በትንሽ ገንዘብ ገበያ ስለ ማግኘት የሚጠይቁ በመሆናቸው በዚህ ዕትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የጠያቂዎቹ ስም በፈቃዳቸው አልተጻፈም፤ ደብዳቤዎቹም ለአምዱ እንዲመጥኑ አጥረዋል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ አያት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የባልትና ውጤቶችን፣ ማለትም በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። የሚገዙኝ በአብዛኛው ጎረቤቶቼና የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ሥራዬን ለማስፋት 1,000 በራሪ ወረቀት አሳትሜ በታክሲ ተራው ላይ አሳደልኩ፤ ወረቀቱን ይዘው የመጡት ግን አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከእንግዲህ ለማስታወቂያ ማዋል የምችለው በወር ከ2,000 ብር አይበልጥም። አንዳንዱ ባነር አሰቅይ፣ ሌላው በሬዲዮ አስነግሪ ይለኛል። የትኛው ይሻለኛል? (ባልትና አዘጋጅ፣ ከአያት)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከወረቀቱ ኪሳራ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው በደብዳቤዎ ውስጥ ያልተጻፈው ነገር ነው። አራቱ ሰዎች በወረቀቱ እንደ መጡ ያውቃሉ፤ ከእነርሱ በፊት የነበሩት ደንበኞች ግን እያንዳንዳቸው በማን በኩል እንደ መጡ አልነገሩንም፤ ምናልባትም ጠይቀዋቸው አያውቁም። ስለዚህ ከ2,000 ብሩ የመጀመሪያውን ወጪ ለአንድ ደብተር ያድርጉት። ለአንድ ወር ያህል አዲስ ገዢ በመጣ ቁጥር «ማን ነገረዎት?» ብለው ይጠይቁና የገዢውን ስም፣ የነገረውን ሰው ስምና የተገዛውን ዕቃ ይመዝግቡ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ሲያገላብጡ ደጋግመው የሚያገኟቸው ጥቂት ስሞች ይኖራሉ። በየሕንፃው «እሷ ከወደደችው ጥሩ ነው» ተብለው የሚታመኑ አንድ ሁለት ሴቶች አይጠፉም፤ የእርስዎ ሬዲዮ እነርሱ ናቸው፤ ስማቸውን ሳያውቁ ለሌላ ማስታወቂያ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ጨለማ ውስጥ እንደ መወርወር ነው።

በራሪ ወረቀቱ ለምን እንዳልሠራ መረዳት አያዳግትም። በርበሬ የሚገዛ ሰው ፍርሃት አለበት፤ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆን፣ ጨው በዝቶበት ይሆን፣ ዛላው በደንብ ሳይደርቅ ተፈጭቶ ይሆን እያለ ያስባል። ይህን ፍርሃት የሚያስወግደው የሚያምነው ሰው ምስክርነት ወይም የራሱ ምላስ እንጂ በታክሲ ሰልፍ ላይ ከማያውቀው ልጅ እጅ የተቀበለው ወረቀት አይደለም። ወረቀቱ ቢበዛ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ያገለግላል።

እንግዲህ ምስክርነትንና ቅምሻን አንድ ላይ የሚያስኬድ ዘዴ ይፈልጋሉ ማለት ነው። እርሱም ከአገራችን ገበያ ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ ምርቃት ይባላል። ነጋዴ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ በላዩ ላይ ጣል የሚያደርጋት ጭማሪ ገዢውን ደስ ማሰኘቷ አይቀርም፤ ነገር ግን ያው በርበሬ በበርበሬ ላይ ሲጨመር እዚያው ከረጢት ውስጥ ጠፍታ ትቀራለች። እርስዎ ምርቃቱን ለይተው ይስጡ። አንድ ኪሎ በርበሬ ለገዛ ሁሉ ሃምሳ ግራም ዳቦ ቆሎ በትንሽ ከረጢት አሽገው፣ ስምዎን፣ ስልክዎንና የተዘጋጀበትን ቀን የያዘች ወረቀት ለጥፈው «ለቡና ይሁንልዎ» ብለው ያስረክቡ። ዳቦ ቆሎው ቡና ሲፈላ ለጎረቤት ይቀርባል፤ «ከየት ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣውም መላሿ ሴትዮ በምትታመንበት ቤት ውስጥ ነው። ለእርስዎ ወጪው የዱቄቱ፣ የዘይቱና የከረጢቱ እንጂ የመሸጫ ዋጋው አይደለም። ሰው ላመጣልኝ በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል እከፍላለሁ የሚለውን ምክር ግን አንደግፍም፤ ለጎረቤቷ በቅንነት የመሰከረች ሴት ገንዘብ ሲሰጣት እንደ ደላላ የተቆጠረች ይመስላታል፤ አፏንም ትይዛለች። ሁለት ኪሎ ስትገዛ ግማሽ ኪሎ በሶ ቢጨምሩላት ግን ማንም አያፍርም።

ከደንበኞችዎ መካከል በርበሬና ሽሮ ወደ ውጭ አገር ለልጆቻቸው የሚልኩ መኖራቸው አያጠራጥርም። የመንገደኛ ሻንጣ በኪሎ የሚመዘን በመሆኑ፣ ሽታውም ልብስ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚያሳስብ፣ በትክክል ተመዝኖ በድርብ ከረጢት የታሸገና ክብደቱ የተጻፈበት ዕቃ ለላኪዋ ትልቅ እፎይታ ነው። «ለመንገደኛ አሽጌ አስረክባለሁ» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ለነባር ደንበኞችዎ ሁሉ ይንገሩ። በከረጢቱ ላይ ስልክ ቁጥርዎን በ+251 ጀምረው ይጻፉት፤ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለች ወዳጅ ወጡን ቀምሳ ስትወደው አዲስ አበባ ላለች እናቷ «ከዚህችው ሴትዮ ላኪልኝ» ብላ ቁጥሩን ታነብላታለች።

ጊዜውንም ማወቅ ይገባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሽሮ የሚሸመተው ደግሞ ጾሙ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ባሉት ቀናት ስለሆነ ማስታወስ ያለብዎት ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ነው። ለዚህ የቴሌግራም ቻናል ይበቃል፤ ክፍያ የለበትም፤ በእያንዳንዱ መልእክት ሥርም ስንት ጊዜ እንደታየ ይቆጥርልዎታል። ሰማንያ ደንበኛ ቢኖርዎት ሰማንያዎቹን ብቻ ያስገቡ። በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ አይጻፉ፤ ሲጽፉም ዛሬ የተፈጨውን፣ ዋጋውንና በየትኛው ቀን ወደ የትኛው ብሎክ እንደሚያደርሱ ይግለጹ። የአበባ ሥዕል ያለበት «መልካም ቀን» በየጠዋቱ የሚልክ ነጋዴ ድምፁ እንደሚዘጋበት እርስዎም ከራስዎ ስልክ ያውቁታል።

ባነርና ሬዲዮ? ከቤት ውጭ የሚሰቀል ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 መሠረት ፈቃድ የሚያስፈልገው ነው፤ ያለ ፈቃድ የተሰቀለው ሲነሣ ገንዘብዎም አብሮ ይወርዳል። ሬዲዮው ደግሞ ለመላው ከተማ ይናገራል፤ እርስዎ ማድረስ የሚችሉት አያት ድረስ ነው። ሁለቱም ለጊዜው ይቆዩ።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሶፋ፣ አልጋና ቁም ሣጥን የምሠራበት ወርክሾፕ አለኝ። ሥራችንን በቲክቶክ እያሳየሁ ከ30,000 በላይ ተከታይ አፍርቻለሁ፤ ነገር ግን በአራት ወር ውስጥ በቲክቶክ አይቶ ያዘዘኝ ሦስት ሰው ብቻ ነው። ተፎካካሪዎቼ እንዳያውቁብኝ ዋጋ አልጽፍም፤ ለሚጠይቀኝ በውስጥ መስመር እመልሳለሁ። ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው? (የእንጨት ሥራ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስሕተቱን ራስዎ ጽፈውታል። ተፎካካሪዎ ዋጋዎን ማወቅ ከፈለገ የእኅቱን ልጅ ያስደውላል፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ዋጋው ተሰውሮበት የሚቀረው ገዢው ብቻ ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ያነበበ ሰው ፊት አይቶ የሚጠራ ዋጋ መሆኑን ይጠረጥራል፤ መጠየቁም መግዛት እንደ መጀመር ስለሚመስለው ዝም ብሎ ያልፋል። የዚህ አምድ አዘጋጅ ራሱ አንድ ጊዜ የመጻሕፍት መደርደሪያ ፎቶ አይቶ ለአንድ ወርክሾፕ ቢጽፍ ከሦስት ቀን በኋላ «ይደውሉ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ተመልሶለታል፤ መደርደሪያው በዚያን ጊዜ ከሌላ ቦታ ተገዝቶ ቤት ገብቶ ነበር።

የጣውላና የስፖንጅ ዋጋ ስለሚለዋወጥ መጻፍ አስቸጋሪ ነው የሚሉ እንደሆነ፣ መፍትሔው ዋጋውን ከነቀኑ መጻፍ ነው፦ «ባለ ሰባት ሰው ሶፋ፣ ውስጡ ይህ እንጨት፣ ጨርቁ ይህ፣ ዋጋው ይህን ያህል፣ እስከ ኅዳር 30 የሚጸና።» እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አቅሙ የማይፈቅደውን ሰው ከከንቱ ጥያቄ ያሳርፋል፤ አቅሙ የሚፈቅደውን ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ እንዲወስን ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ተመልካቾችዎ የት እንዳሉ ነው። ቲክቶክ ቪዲዮውን ለተከታይ ብቻ ሳይሆን ይወደዋል ብሎ ለገመተው ሁሉ ስለሚያሳይ፣ መላጊያው እንጨቱን ሲያለሰልስ በማየት የሚደሰተው ሰው ባሕር ዳር ወይም ሪያድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ እንላለን። ባሕር ዳር ያለው ከሐዋሳ ሶፋ አያስጭንም፤ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለችው ግን ሐዋሳ ውስጥ እናት ሊኖራት ይችላል። ወላጆቻቸው ቤት ዕቃ ለማስገባት ከዓረብ አገር ገንዘብ የሚልኩ ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ ከፋዩና ተቀባዩ በሁለት አገር ሲሆኑ ዋናው ችግር ዋጋ መሆኑ ቀርቶ እምነት ይሆናል። ይህን ችግር የሚፈታ ቪዲዮ መሥራት ለእርስዎ ወጪ የለውም። ዕቃው ሲጫን፣ ቤት ሲገባ፣ ዕቃውን የተረከቡት እናት በፈቃዳቸው ተቀምጠውበት ሲመርቁ የሚያሳይ አንድ ደቂቃ ይቅረጹ። «ሐዋሳ» የሚለውን ቃል በቪዲዮው ላይ በጉልህ ይጻፉት፤ ቀብድ የሚቀበሉት በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንደሆነ፣ ምን ያህል ቀብድ እንደሚጠይቁና በስንት ቀን እንደሚያስረክቡ ይግለጹ። በቀን አንድ አዲስ ቪዲዮ ከመልቀቅ ይልቅ በነበሩት ሥር የተጻፉትን «ስንት ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች በዕለቱ መመለስ ይበልጥ ያተርፋል።

በጉግል ካርታ ላይ ወርክሾፕዎን ያስመዝግቡ፤ በነፃ ነው። ቦታው የእርስዎ መሆኑን ለማረጋገጥ አካባቢውንና ታፔላውን በቪዲዮ እንዲያሳዩ ሊጠየቁ ይችላሉ። ዕቃ የተረከበ ደንበኛ እዚያ ላይ ሁለት መስመር አስተያየት እንዲጽፍልዎ በርክክቡ ዕለት፣ ደስታው ሳይበርድ ይጠይቁት። ሦስቱ የቲክቶክ ደንበኞችዎስ ጽፈዋል?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ላውንደሪ ከከፈትኩ ስድስት ወሬ ነው። ስጀምር በግማሽ ዋጋ ነበር የማጥበው፤ ዋጋውን ወደ ቦታው ስመልሰው ደንበኛው ተበተነ። እንደገና 20 በመቶ ቅናሽ ላድርግ ወይስ ለደንበኞች በዕጣ ሽልማት ባዘጋጅ ይሻላል? (ላውንደሪ ባለቤት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለቱንም አንመክርም። ቅናሽ ከመለጠፍዎ በፊት በወረቀት ያስሉት። ለምሳሌ አንድ ሙሉ ልብስ የሚያጥቡት በ200 ብር፣ የውኃው፣ የመብራቱ፣ የሳሙናውና የሠራተኛው ወጪ 120 ብር ቢሆን ትርፉ 80 ብር ነው። 20 በመቶ ሲቀንሱ ዋጋው 160፣ ትርፉ 40 ብር ይሆናል። ይህም ማለት ዋጋው በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ትርፉ በግማሽ ወረደ፤ የቀድሞውን ያህል ለማግኘትም ልብሱ እጥፍ መሆን አለበት። በግማሽ ዋጋ ሲያጥቡ ደግሞ በእያንዳንዱ ሙሉ ልብስ 20 ብር ከኪስዎ እየጨመሩ ነበር። በዚያ ጊዜ የመጡት የእርስዎ ሳይሆኑ የዋጋው ደንበኞች ስለ ነበሩ መሄዳቸው አያስገርምም።

በዕጣ ሽልማት መስጠት በሕግ ከሎተሪ ጋር የሚታይ በመሆኑ ሎተሪን የሚቆጣጠረውን የመንግሥት ተቋም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለአንድ ላውንደሪ የሚያዋጣ ጣጣ አይደለም።

በዚያ ፈንታ የወለቀ ቁልፍ ተክለው፣ የተተረተረ ጫፍ ሰፍተው ይመልሱ፤ ደረሰኙ ላይም «ቁልፍ ተተክሏል» ብለው ይጻፉ። ይህ ከክር በቀር የሚያስወጣዎ ነገር የለም፤ ሰውየው ግን ቢሮ ሲደርስ ያወራዋል። ያለ ወሬ የተሠራ ደግነት ሳይታወቅ ይቀራልና ደረሰኙ ላይ መጻፉን አይተዉት።

ከሁሉ በላይ ግን የሚኖሩት ጎንደር ነው። ለከተራና ለጥምቀት ከተማው በሙሉ ነጭ ይለብሳል፤ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ከገና ማግስት እስከ ጥር 10 ያሉት አሥር ያህል ቀናት ከሳጥን የወጣ ነጠላና ቀሚስ የሚታጠብባቸው፣ ከጥር 13 ጀምሮ ያሉት ደግሞ አቧራና ሻማ የነካው ሁሉ የሚመለስባቸው ናቸው። አሁኑኑ በአካባቢዎ ካሉት የሙሽራ ልብስ አከራዮች፣ ሽማኔዎችና አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያዎች ጋር በአካል ተገናኝተው ይነጋገሩ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ነጭ ልብስ በነፃ አጥበውና ተኩሰው እጅዎን ያሳዩ። በታኅሣሥ መጨረሻ ለነባር ደንበኞችዎ በስልክ የሚልኩት መልእክትም አጭር ይሁን፦ ነጭ ልብስ ለብቻው እንደሚታጠብ፣ ጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ እንደሚጠነቀቁና ለከተራ የሚደርሰው እስከ ጥር 7 የገባው ብቻ መሆኑን ይግለጹ። ከጥር 7 በኋላ የመጣውን በትሕትና ይመልሱ፤ ለከተራ ቃል የተገባለት ነጠላ ሳይደርስ ቢቀር ወሬው ከማንኛውም ማስታወቂያ ቀድሞ ፒያሳ ይደርሳል።