ስልኩ ሲቆም 28፣ ሲጋደም 10፦ የአንገት ዘመም በካሜራ ሲለካ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የስፌት መኪና ላይ አቀርቅረው የሚውሉ ሰዎችን አንገት በስልክ ካሜራና በሜዲያፓይፕ (ምስል ላይ የሰውነት ነጥቦችን ፈልጎ በሚጠቁም ፕሮግራም) እለካለሁ። አንዱን ሰው ስልኩን አቁሜ ሳነሳው 28 ዲግሪ፣ አጋድሜ ሳነሳው 10 ዲግሪ ይወጣል። የተሻለ ካሜራ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ካሜራዎ ደህና ነው፤ ስህተቱ ያለው ስሌቱ ላይ ነው።

ሜዲያፓይፕ የነጥቦቹን ቦታ በፒክስል አይሰጥም። አግድሙን ለምስሉ ወርድ፣ ቁልቁሉን ለምስሉ ቁመት አካፍሎ ከ0 እስከ 1 ባለው መጠን ነው የሚያቀርበው። መልሰው ሳያባዙ ማዕዘን ካሰሉ፣ አንገቱን የሚያዘምመው ወይም የሚያቃናው የምስሉ ቅርጽ ይሆናል። ጆሮ ከትከሻ 60 ፒክስል ወደ ፊት፣ 200 ፒክስል ወደ ላይ ነው እንበል፤ ከቀጥ ያለው የቁም መስመር የሚለካው ትክክለኛው ዘመም 17 ዲግሪ ገደማ ነው። ሳይባዛ ግን 1080 በ1920 በሆነ የቆመ ምስል 28፣ ያው ምስል ሲጋደም 10 ይሆናል፤ ያገኟቸው ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ አግድሙን በወርዱ፣ ቁልቁሉን በቁመቱ ያባዙ፤ ከዚያ ማዕዘኑን ያስሉ። የድሮ መዝገብዎንም አይጣሉ። ስልኩ ቆሞ ይሁን ተጋድሞ ከታወቀ፣ የተመዘገበውን ማዕዘን ታንጀንት በወርዱ አባዝተው ለቁመቱ ሲያካፍሉ እውነተኛው ታንጀንት ይመለሳል።

ይህ ከተስተካከለ በኋላም የሚያሳስብ ነገር አለ። የሜዲያፓይፕ ሞዴል ከሚያወጣቸው 33 ነጥቦች አንድም የአከርካሪ ነጥብ የለም። ዘመሙን የሚያሰሉት ከትከሻ (ነጥብ 11 ወይም 12) እስከ ጆሮ (ነጥብ 7 ወይም 8) ባለው መስመር ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሰፋ ሰው ትከሻው ራሱ ወደ ፊት ይጠቀለላል፤ መነሻው ነጥብ አብሮ ስለሚሄድ ማዕዘኑ ያንሳል፣ አንገቱም የተሻለ ይመስላል። በጣም የተጎዳውን ሰው ደህና ነው ብሎ የሚያሰናብት ስህተት ስለሆነ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ጣትዎን አንገቱ ሥር ላይ አሳርፈው ጎላ የሚለውን ሰባተኛውን የአንገት አጥንት ይፈልጉ፤ ደማቅ ክብ ተለጣፊ ያድርጉበትና ምስሉ ላይ በእጅዎ ይጠቁሙት። ከዚያ ነጥብ ወደ ጆሮ የሚሄደው መስመር ከአግድም መስመር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ይመዝግቡ። ይህ ከቀድሞው በተቃራኒ ሲያንስ ነው የሚያሳስበው፤ ከ50 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ወጥቷል ይባላል።

አነሳሱን በተመለከተ፣ ስልኩ ከሰውዬው ጎን 3 ሜትር ርቆ በትከሻው ቁመት ትሪፖድ ላይ ይቁም። ሰፊውን ሌንስ ይተዉት፤ ጠርዝ ላይ ያለውን ይለጥጣል። የፊት ካሜራውንም አይጠቀሙ፤ ብዙ ስልኮች ምስሉን እንደ መስታወት ስለሚገለብጡ ግራና ቀኝ ይምታታሉ። ከሰውዬው ጎን የግንበኛ ቱንቢ ይንጠልጠልና ምስሉ ውስጥ ይግባ፤ ክሩ ምስሉ ላይ 2 ዲግሪ ካዘመመ መለኪያዎም በዚያው ልክ ስቷል።

ክፍልዎ መስኮቱ ወደ ጣና ከሆነ ሰውዬውን መስኮቱ ፊት አያቁሙት። የውሃው ነጸብራቅ ከኋላ ሲመጣ ሰውዬው ጥላ ብቻ ይሆናል፣ ጆሮውም ይጠፋል። ብርሃኑ ከካሜራው ጀርባ ይምጣ። ነጠላና ጋቢ ይውለቁ፣ ሹሩባውም ከጆሮ ኋላ ይታሰር። ሞዴሉ የተሸፈነ ጆሮን «አላየሁም» ብሎ አይተወውም፤ ገምቶ ነጥብ ያስቀምጣል። በጎን ምስል የወዲያኛው ትከሻም ግምት ስለሆነ ለካሜራው የቀረበውን ጎን ብቻ ይውሰዱ።

ነጠላ ፎቶዎችን በቪዲዮ አሠራር አያስገቡ፤ ያለፈውን ምስል ነጥቦች ወደሚቀጥለው ይጎትታል። እያንዳንዱን ፎቶ ለብቻው የሚያየውን የምስል አሠራር (በድሮው ስሪት ስታቲክ ኢሜጅ ሞድ) ይምረጡ። ሞዴሉ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ የታካሚው ፎቶ ከመሣሪያዎ እንዳይወጣ ያድርጉ።

በመጨረሻ፣ በአንድ ፎቶ አይወስኑ። ሰውዬው ዓይኑ ትይዩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ምልክት እያየ ይቁም፤ አንስተው ጥቂት እንዲራመድ ያድርጉና መልሰው ያንሱ፣ እንዲህ 5 ጊዜ። ከአምስቱ መካከለኛውን ይመዝግቡ፤ በትንሹና በትልቁ መካከል ያለውን ልዩነትም አጠገቡ ይጻፉ። ልዩነቱ 4 ዲግሪ ከሆነ፣ ከወር በኋላ የሚያዩት የ3 ዲግሪ ለውጥ መሻሻል ተብሎ ለታካሚው አይነገር።