«ገበሬ ነበር፤ ደመወዝ የለውም» ለሚሏችሁ፦ ስለ ሟች ካሳ ጥያቄና መልስ

በደብረ ማርቆስ በጥብቅና ስሠራ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ይህ ነው፦ ሰው ሞቶበት፣ መብት እያለው፣ ባለማወቅ ባዶ እጁን የቀረ ቤተሰብ። ባለፈው እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኝ ጊዜው ስላልበቃን የቀረውን በጽሑፍ እመልሳለሁ።

ባለቤቴን አይሱዙ ገጭቶ ገደለው። በሠልስቱ ማግስት ሽማግሌዎች 60,000 ብር ይዘው መጡ፤ ፈረምኩ። አሁን ሦስት ልጆች ማሳደግ አቃተኝ። መክሰስ እችላለሁ? (ከደጀን)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። መልሱ ያለው በፈረሙት ወረቀት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ አይቻለሁ፤ ከተማሪ ደብተር የተገነጠለ ቅጠል፣ ከታች የሦስት ሽማግሌዎች ፊርማ፣ ጥግ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተነከረ የመበለቲቱ አውራ ጣት። «ለቀብርና ለተዝካር መርጃ» የሚል ከሆነ ገንዘቡ ከካሳው ላይ ይታሰባል እንጂ ክስ አይከለክልም። «ከእንግዲህ ምንም ካሳ አንጠይቅም» የሚል ከሆነ ግን የእርቅ ውል ነውና በእርስዎ ላይ ይጸናል፤ ማፍረሱም ቀላል አይደለም። የልጆቹ ነገር ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2095 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ተወላጆች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ስም ካሳ ይጠይቃሉ። ስለዚህ እናት ለራሷ የፈረመችው የልጆቹን መብት አይዘጋም ብሎ መከራከር ይቻላል። ወረቀቱን ይዘው ይምጡ።

ሽምግልናን አልነቅፍም። በጎጃም ስንት ደም መላሽ ከመንገድ የተመለሰው በሽማግሌ ነው። ነገር ግን ደም ማድረቅና የልጆችን ቀለብ መቁረጥ አንድ አይደሉም፤ ድንኳኑ ሳይነሣ ማንም የካሳ ወረቀት አይፈርም። «ከአርባው በኋላ እንነጋገር» ማለት ነውር የለውም።

አባቴ ገበሬ ነበር። የባለመኪናው ጠበቃ «የገቢ ማስረጃ የለውም፤ ምን ይከፈላል?» ይላል። (ከቢቸና)

ይህን ክርክር ስሰማ ደሜ ይፈላል። የአንድ ቤት ምሰሶ የነበረ ሰው የደመወዝ ወረቀት ስለሌለው ዋጋ የለውም ማለት ነው?

ሕጉ ካሳው በቀለብ መልክ እንዲሆን ነው የሚያዘው፤ ስለዚህ የሚጣራው ሟች ለእናንተ ያቀርብ የነበረው ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩንና የግብር ደረሰኞቹን አውጡ። ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ በዚያ ስፋት ላይ ስንት ኩንታል ጤፍና ስንዴ እንደሚመረት ማስረጃ ጠይቁ። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት የወቅቱን የገበያ ዋጋ ይጻፍላችሁ። የከብት ማድለብ፣ የንብ ቀፎ፣ የባሕር ዛፍ ሽያጭ ካለ የገዙት ሰዎች ይመስክሩ። ለምሳሌ የዓመት ገቢው ወጪው ተቀንሶ 90,000 ብር ቢሆንና ለራሱ 30,000 ያወጣ ነበር ቢባል፣ ለቤተሰቡ የቀረበት በዓመት 60,000 ነው። ይህ ሟች ሊሠራ ይችል በነበረው ዘመን ይባዛል፤ በ15 ዓመት 900,000 ብር ይደርሳል። ጉዳቱ በትክክል ሊሰላ ባይችል እንኳ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በመሰለው መጠን፣ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ይፈቅዳል። ስለዚህ «ማስረጃ የለም» ተብሎ ዝም የሚባልበት ምክንያት የለም።

ሹፌሩ ታስሯል። ካሳው በዚያው ቀረ? (ከፍኖተ ሰላም)

አልቀረም። እስሩ የመንግሥት ነው፤ ካሳው የእናንተ። ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳ በአንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ዳኛው ያንን ፍርድ ለመከተል አይገደድም። የወንጀሉን ፍርድ እየጠበቃችሁ ግን ጊዜ እንዳያልፍባችሁ፤ መደበኛው የክስ ጊዜ 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ከሰጠው ያ ይሠራል፤ በዚህ መተማመን ግን ለክርክር በር መክፈት ነው።

ባለመኪናው «እኔ አልነዳሁም፤ ሹፌሩን ጠይቁ» አለን። (ከቡሬ)

አንቀጽ 2081 የተጻፈው ለእንዲህ ያለው ነው። የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የባጃጅ ባለቤትም እንዲሁ። ባለቤቱን፣ ሹፌሩንና መድን ሰጪውን አንድ ላይ ክሰሱ። የሦስተኛ ወገን መድን (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው መድን) የሚከፍለው በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ብቻ ነው፤ ቀሪው የባለቤቱ ዕዳ ነው። ባለቤቱ ሌላ ከተማ ቢኖርም አደጋው የደረሰበት ቦታ ፍርድ ቤት ክሱን መቀበል ይችላል።

ገጭቶ ያመለጠውስ? (ከዳንግላ)

ለፖሊስ በዚያው ቀን አመልክቱ፤ የአደጋውን ንድፍና የሕክምና ማስረጃ ቅጂ ያዙ። አዋጅ 799/2005 ላልታወቀ ወይም መድን ለሌለው ተሽከርካሪ ተጎጂ የመድን ፈንድ አቋቁሟል።

የባለቤቴ ወንድሞች «ካሳው የወንድማችን ውርስ ነው፤ እንካፈል» ይላሉ። (ከሞጣ)

ውርስ አይደለም። አንቀጽ 828 በግልጽ እንዳስቀመጠው፣ በሞት ምክንያት ለዘመድ ወይም ለትዳር ጓደኛ የሚከፈል ካሳ ከሟች ንብረት ጋር አይቆጠርም። ወንድምና እህትም በአንቀጽ 2095 ውስጥ አልተጠቀሱም። በቤተ ዘመድ መካከል ሳይካረር በፊት ይህን አንብቡላቸው።

ለኀዘናችንስ ምን ይከፈለናል? (ያው ጠያቂ)

የኅሊና ካሳ ይባላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል፤ ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንዲት እናት በችሎት ቆማ ይህን ቁጥር ስትሰማ አይቻለሁ፤ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ቀና ሳትል ወጣች። ሕግ አውጪው ሊያሻሽለው ይገባል። እስከዚያው ክርክራችሁን በቀለቡ ላይ አጠንክሩ።

ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የለኝም። (ከደብረ ማርቆስ)

በድህነት የመክሰስ መብት አለዎት፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ይደነግገዋል። ከቀበሌዎ ስለ ኑሮዎ ማስረጃ አጽፈው፣ በድህነት ለመክሰስ ከሚጠይቁበት ማመልከቻ ጋር አድርገው ከክሱ ጋር ያያይዙ። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ ማመልከቻ ይጽፉልዎታል። ሲሄዱ የጋብቻ ማስረጃዎን፣ የልጆቹን የልደት ማስረጃና የፖሊስ ሪፖርቱን ይያዙ፤ ከሁሉም ሁለት ሁለት ቅጂ።