መስታወት ይረጋል እንጂ አይጠጥርም

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ የፊዚክስ ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ቀልጦ የቀዘቀዘ መስታወት «ጠጠረ» ይባላል ወይስ «ረጋ»? አሸዋ ወይም እህል ተጣቦ አልንቀሳቀስ ሲል «ጃሚንግ» የሚሉትንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ «ረጋ» ይበሉ። ምንጩ የግዕዙ «ረግዐ» ነው። «ዐይን» የምትባለው ፊደል «ዐ» ስትጠፋ የቃሉን መጨረሻ ራብዕ አድርጋው ሄደች፤ «ሰምዐ» «ሰማ» እንደሆነው ማለት ነው። «እርጎ»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ለጥያቄዎ ባይጠቅምም ማለፍ አልሆነልኝም።

ውሃ 0 ዲግሪ ሲደርስ ሞለኪውሎቹ ተሰልፈው በረዶ ይሆናል። እሱ ጠጠረ ቢባል አልከራከርም። መስታወት ግን ሰልፍ አያውቅም። ሲቀዘቅዝ ፍሰቱ እየዘገየ፣ እየዘገየ ይሄድና ቅንጣቶቹ እንደ ፈሳሽ እንደተዘበራረቁ ባሉበት ይቀራሉ። ቁርጥ ያለ ነጥብ እንኳ የለውም። ተራው የመስኮት መስታወት 550 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይረጋል፤ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ። ታዲያ ይህን ከ«ረጋ» ሌላ ምን ይገልጸዋል?

«ረጋ ካልን ፈሳሽ ነው ማለታችን ነው፤ የአውሮፓ የድሮ ካቴድራሎች መስኮት ከታች የወፈረውም ፈሶ ነው» የሚሉ አሉ። አልፈሰሰም። ያኔ መስታወት እየተነፋ ስለሚሠራ ገና ሲወጣም ውፍረቱ እኩል አልነበረም። ደግሞስ የረጋ ደም ፈሳሽ ነው የሚል ማን አለ?

ወደ ጃሚንግ ስንመጣ «መጨናነቅ» የሚሉት በዝተዋል። አልወደውም፤ የጠዋት የትራፊክ ዜና ይመስለኛል። «መጠቅጠቅ» ይሻለኛል። ጤፍ በጆንያ የሞላ ሁሉ ያውቀዋል።

ሙግታቸው ግን ቀላል አይደለም። መጠቅጠቅ ከውጭ ጠቅጣቂ ይፈልጋል፤ ትንሽም ብዙም ይጠቀጠቃል። ጃሚንግ ግን ወሰን አለው። እኩል የሆኑ ድቡልቡል ኳሶች እንደነገሩ ተዘርግፈው ከቦታው 64 በመቶ ያህሉን ሲይዙ ይቆለፋሉ፤ በሥርዓት ቢደረደሩ 74 በመቶ ይደርሱ ነበር። እያንዳንዱ ጎረቤቱን ይዞ፣ በጎረቤቱ ተይዞ ይቆማል። ይህን ከአዕማደ ግስ የእርስ በርሱ፣ «ተደራራጊ»ው ነው የሚያሳየው፦ ተጨናነቀ። በ1998 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ አንድሪያ ሊዩና ሲድኒ ናግል መስታወትንና የአሸዋ ክምርን በአንድ ሥዕል ሊያስታርቁ ሲሞክሩ የተጠቀሙበት ቃልም ለመኪና መንገድ የሚባለው ያው ቃል ነው።

እንግዲህ ለተማሪዎችዎ «መጨናነቅ» ብለው ይጻፉ፤ ቃሉ ከእጄ ወጥቷል። እኔ ግን ጆንያዬን መጠቅጠቄን አልተውም።